ያውቁ ኖሯል? የምርጫ ውሸት ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው?

(ከኢትዮጵያ አዋጅ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል…

• በአሜሪካ ውሸት ሁሉ ወንጀል እንዳልሆነ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 አንድ ንግግር ውሸት ስለሆነ ብቻ የሕገ መንግሥቱን ጥበቃ እንደማያጣ ወስኗል። በ2018 ደግሞ ግዛቶች ስለ ድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት ሆን ተብሎ መራጩን የሚያሳስት መልእክት መከልከል እንደሚችሉ አመልክቷል። እጩን ማማትና የመራጩን ድምፅ መስረቅ ለየቅል ናቸው።

• በ2016 ዳግላስ ማኪ የተባለ የትራምፕ ደጋፊ፣ የሂላሪ ክሊንተን ደጋፊዎች በስልክ የጽሑፍ መልእክት መምረጥ እንደሚችሉ የሚናገሩ ምስሎች በትዊተር እንደለቀቀ? እንዲህ ያለ አመራረጥ አልነበረም። እንደ ዓቃቤ ሕግ ገለጻ ቢያንስ 4,900 የስልክ ቁጥሮች መልእክት ልከዋል።

• ማኪ የተከሰሰበት ሕግ መነሻ የ1870 ድንጋጌ እንደሆነ? የወጣው ጥቁር አሜሪካውያንን በዛቻና በድብደባ ከምርጫ ያርቅ የነበረውን ኩ ክሉክስ ክላን ለመግታት ነበር። የሰውን መብት ለመንፈግ ማሴር ዛሬ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል።

• ማኪ በ2023 የ7 ወር እስራት ቢፈረድበትም በ2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን እንደሻረው? ሕጉ የሚቀጣው ሤራን ነው፤ ከሌሎች ጋር መዶለቱ ደግሞ በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም።

• በ2020 በፖስታ የሚመርጥ ሰው መረጃው ለፖሊስና ለዕዳ ሰብሳቢ ይተላለፋል የሚል የተቀዳ የስልክ ጥሪ ያሰራጩ ሁለት ሰዎች፣ በኦሃዮ ጥፋታቸውን አምነው መራጮችን ለ500 ሰዓታት እንዲመዘግቡ እንደተፈረደባቸው? ያስፈራሩትን መራጭ እንዲያገለግሉ ማድረግ ተገቢ ፍርድ ነው።

• በደቡብ ኮሪያ ከምርጫ በፊት ባሉት 90 ቀናት ለቅስቀሳ ዲፕፌክ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ እውነተኛ የሚመስል ምስል፣ ድምፅ ወይም ቪዲዮ) መጠቀም እስከ 7 ዓመት እንደሚያሳስር?

• በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ወንጀል የሚሆነው አሰራጩ ሐሰት መሆኑን ሲያውቅ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ መረጃውም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ ሲሆን እንደሆነ? ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ሁከት ካስከተለ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

• ያው አዋጅ የመረጃውን እውነትነት ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ላደረገ ሰው ከለላ እንደሚሰጥ? ስለዚህ የምርጫ ቀን፣ የጣቢያ ወይም የአመራረጥ ለውጥ የሚናገር መልእክት ሲደርስዎ ከማጋራትዎ በፊት ከምርጫ ቦርድ፣ አሜሪካ ከሆኑ ከአካባቢዎ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። ማን ይመረጥ በሚለው የፈለጉትን ያህል ይከራከሩ፤ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚመረጥ ግን ለማንም፣ ለተቃራኒዎም ቢሆን፣ አይዋሹ።