ከባለቤቱ ያወቀ…
ስለ አደጋ ተጎጂዎች የሚባሉ አምስት ነገሮችና እውነታው

ጎርፉ ከጎደለ ወይም ናዳው ከቆመ በኋላ «የት ይስፈሩ? ምን ይሰጣቸው?» የሚል ስብሰባ ይጠራል። ብዙ ጊዜ በስብሰባው የማይገኘው ተጎጂው ነው። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ላይ ላዩን ሲሰሙ ያሳምናሉ።

ተረት፦ «ተጎጂው ደንግጧል፤ ሌላ ይወስንለት።»
እውነታ፦ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ሲናድ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው ሁለተኛው ናዳ የዋጣቸው ናቸው። ማንም ሳያዝዘው እንዲህ የቆረጠ ሕዝብ ነገ የት እንደሚኖር ቢጠየቅ መልስ አያጣም።

ተረት፦ «ማወያየት ጊዜ ይፈጃል።»
እውነታ፦ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል። ፍጥነት አልጎደለውም። ነገር ግን ብዙዎች የተወሰዱት ሳይወዱ ነበር፤ ቤተሰብም ተለያየ። የደጋውን ገበሬ ወባ፣ በሬውን የገንዲ በሽታ ጠበቀው። መሬቱ ለሰፋሪዎች የተወሰደበት የመተከል የጉሙዝ ሕዝብም አልተጠየቀም። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎች አምልጠው በእግራቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጥድፊያ የተሠራው በጥድፊያ ፈረሰ።

ተረት፦ «ሽማግሌውና ሊቀ መንበሩ ከተናገሩ ሕዝቡ ተናግሯል።»
እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 ባንግላዴሽን የመታው አውሎ ነፋስ ወደ 140 ሺህ ሰው ሲገድል፣ የሴቶቹ ሞት ከወንዶቹ እጅግ ይበልጥ ነበር። ብዙዎቹ ሴቶች ልጆችና ንብረት ይዘው ባል እስኪመጣ ጠበቁ፤ መጠለያውም ለሴቶች የተለየ ክፍል ስላልነበረው መግባት አሳፈራቸው። ቤት የዋለችው ምን እንደሚያግዳት የምታውቀው ራሷ ናት እንጂ ሽማግሌው ወይም ሊቀ መንበሩ አይደለም።

ተረት፦ «አስተማማኝ ቦታና ጣሪያ ካገኘ ይበቃዋል።»
እውነታ፦ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ስሪላንካ ከባሕሩ ዳር እስከ 100 ሜትር፣ በሰሜንና በምሥራቅ ደግሞ እስከ 200 ሜትር ቤት እንዳይሠራ ከለከለች። አሳቡ ሕይወት ማዳን ነበር። ዓሣ አጥማጁ ግን ጀልባውንና መረቡን በዓይኑ ካልጠበቀ እንጀራው የለም። ብዙ ቅሬታ ከተሰማ በኋላ ክልከላው ላላ።

ተረት፦ «ተጎጂው ከወሰነ ባለሙያ ምን ይሠራል?»
እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2001 በሕንድ የጉጃራትን ግዛት ርዕደ መሬት ሲመታ አብዛኛው ባለቤት ቤቱን ራሱ እንዲሠራ ገንዘብ ተሰጠው። ክፍያው በየደረጃው ነበር፤ መሐንዲስ ሥራውን ሳያይ ቀጣዩ ክፍያ አይለቀቅም ነበር፤ ግንበኞችም ሠለጠኑ። ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች በዚህ መንገድ ቆሙ። በሩ ወዴት እንደሚዞር ባለቤቱ ወሰነ፤ ግድግዳው መንቀጥቀጡን እንዲችል መሐንዲሱ ተቆጣጠረ።