ከናይሮቢ እስከ ቶሮንቶ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

ጉዞአቸው የተቃረበ ወገኖቻችንና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «አገሩ ምን ያህል ይርቃል? ስንት ሰዓትስ ያስኬዳል?» የሚል ነው። በዚህ እትም ከናይሮቢ እስከ ካናዳዋ ቶሮንቶ ያለውን መንገድ ምሳሌ አድርገን መልሱን እናቀርባለን። ርቀቱን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን በትኬት ላይ የተጻፈውን ቀንና ሰዓት አስተካክሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህን የተሳሳተ ሰው አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ይችላል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት በቀጥታ ሲለካ 12,200 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ አውሮፕላን ስለሚቀይር ግን መንገዱ ይረዝማል። ለምሳሌ በአምስተርዳም በኩል ቢሆን እስከዚያ 6,700፣ ከዚያ ወዲያ 6,000 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ትልልቅ አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪ.ሜ. ገደማ ይበራሉ። መነሳትና ማረፍ ሲታሰብ የመጀመሪያው የ8 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው የ8 ሰዓት ያህል በረራ ይሆናል።

አሁን ወደ ትኬቱ እንመለስ። በትኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቱም ከዚያ ጀምሮ ከ00:00 እስከ 23:59 ይቆጠራል። እኛ ግን ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት ነው። ስለዚህ «ማክሰኞ 00:30» የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። መንገደኛው አውሮፕላን ማረፊያው መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሙሉ አልፎታል።

ሌላው አሳሳች ነገር የየአገሩ ሰዓት መለያየት ነው። ትኬት መነሻውን በመነሻው ከተማ፣ መድረሻውን በመድረሻው ከተማ ሰዓት ይጽፋል። ቶሮንቶ በብርዱ ወራት ከናይሮቢ 8 ሰዓት፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ደግሞ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የብርዱ ወራት ነው እንበል። ያ መንገደኛ አምስተርዳም ላይ 6 ሰዓት ቢጠብቅ ቶሮንቶ የሚገባው ማክሰኞ 15:00፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ወረቀቱን ብቻ ላየ 14 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ በመንገድ ያለፈው ጊዜ ግን 22 ሰዓት ተኩል ነው። እሱ ሲያርፍ እዚህ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሆኗል። ስለዚህ እዚህ የሚቀረው ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ስልክ ባይደወል መደንገጥ የለበትም።

በመጨረሻም የምንመክረው ይህ ነው፦ ትኬቱ እንደደረሳችሁ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በሌላ ወረቀት ጻፉ፤ ለሚሸኛችሁም ለሚቀበላችሁም ንገሩ። ከካምፑ እስከ ናይሮቢ የሚወስደውን ጊዜ ለብቻው አስቡ። በየሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒትና የሕፃናት ልብስ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይሁን። ጥርጥር ካደረባችሁም ከጉዞው ቀን በፊት ትኬቱን የሰጣችሁን ክፍል ጠይቁ።

መልካም ጉዞ!