የሟች ሠዓሊ ሥራ ወደ ብሎክቼይን ሲገባ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሐቁስ የማን ነው?

አንድ ሠዓሊ ሲሞት ሸራዎቹ፣ ንድፎቹና የሸክላ ሥራዎቹ ለቤተሰቡ ይቀራሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ወራሾችና ሙዚየሞች እንዲህ ያሉ ሥራዎችን «ኤንኤፍቲ» በሚባል ዲጂታል መልክ ለሰብሳቢዎች መሸጥ ጀምረዋል። ሥዕሉ ከግድግዳው ሳይወርድ ገንዘብ ያስገባል መባሉ ብዙዎችን ይስባል። ይሁን እንጂ ሻጭም ገዢም አስቀድመው ሊለዩዋቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነሱም ዕቃው፣ የቅጂ መብቱ እና ዲጂታል መዝገቡ ናቸው።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። ብሎክቼይን በአንድ መሥሪያ ቤት ሳይሆን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚያዝ መዝገብ ነው። አንዴ የሰፈረበትን መፋቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ኤንኤፍቲ ደግሞ በዚህ መዝገብ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው ምልክት ነው። ሥዕሉ በጥራት ፎቶ ይነሳል፣ ፋይሉ ይቀመጣል፣ ከዚያም ወደ ፋይሉ የሚያመለክተው ምልክት ይመዘገባል። አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ ራሱ የሚቀመጠው ከብሎክቼይኑ ውጪ ነው። ስለዚህ ፋይሉን የሚያስቀምጠው ድርጅት ሥራ ቢያቆም መዝገቡ ቀርቶ ምስሉ ሊጠፋ ይችላል።

መዝገቡ ምልክቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ያሳያል። የመጀመሪያው ሻጭ የመሸጥ መብት ነበረው ወይ የሚለውን ግን አያጣራም። ብዙ ውዝግብ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ዣን ሚሼል ባስኪያ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በ2021 አንድ ሻጭ ሠዓሊው በ1986 የሠራውን ንድፍ ኤንኤፍቲ አድርጎ ለጨረታ አቀረበ። ገዢው ከፈለገ ዋናውን ንድፍ እንዲያጠፋው ጭምር ምርጫ ተሰጥቶት ነበር። የሠዓሊውን ውርስ የሚያስተዳድሩት ወገኖች ግን የቅጂ መብቱ የእነሱ እንደሆነና ለሻጩ ፈቃድ እንዳልሰጡ አሳወቁ። ጨረታውም ተሰረዘ። ከዚህ እንደምንረዳው ዋናውን ሥራ በእጅ መያዝ ብቻውን ምስሉን ለማባዛት መብት አይሰጥም።

ወራሽ መሆን ብቻውንም አይበቃም። ፓብሎ ፒካሶ በ1973 ኑዛዜ ሳይተው ነው የሞተው። የሥራዎቹ መብት በወራሾቹ ስም በጋራ ይተዳደራል። በ2022 መጀመሪያ ላይ የልጅ ልጁና የእሷ ልጅ ከአንድ የሸክላ ሥራው ጋር የተያያዙ ከ1,000 በላይ ኤንኤፍቲዎች ሊሸጡ እንደሆነ ተነገረ። ወዲያው የጋራ አስተዳደሩ «አልፈቀድንም» በማለቱ ነገሩ የቤተሰብ ውዝግብ ሆነ።

የቅጂ መብት ዘመኑ ባለፈ ሥራ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። በቪየና የሚገኘው የቤልቬዴሬ ሙዚየም በ1918 የሞተውን የጉስታቭ ክሊምትን ዝነኛ ሥዕል ዲጂታል ምስል በ2022 ለ10,000 ቁራጮች ከፍሎ አንዱን በ1,850 ዩሮ ለገበያ አቀረበ። ሸራው ግን ከሙዚየሙ አልወጣም። ገዢዎች ከዋናው ሥዕል አንዲት ስንዝር እንኳ ድርሻ አላገኙም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት ያጣናቸው ሠዓሊዎቻችን ወራሾች በእጃቸው ያለው ሸራው ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ አለባቸው። በሌላ በኩል ብዙ ኤንኤፍቲዎች የሚሸጡት በክሪፕቶ ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በእንዲህ ዓይነት ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል።

እንግዲህ አንድ ድርጅት መጥቶ «የአባታችሁን ሥራዎች ወደ ዲጂታል እናስገባላችሁ» ቢል ከፊርማ በፊት የሚከተሉት መታየት አለባቸው፦

• ሥራዎቹ በዝርዝር ተመዝግበው ፎቶ ተነስተዋል ወይ?
• ሴቶቹንና ራቅ ብለው የሚኖሩትን ጨምሮ ሁሉም ወራሾች በጽሑፍ ተስማምተዋል ወይ?
• ውሉ የሚሸጠው ምስሉን የማየትና የማሳየት ፈቃድ ብቻ ይሁን ወይስ የቅጂ መብቱን ጭምር፣ በግልጽ ይናገራል ወይ?
• ፋይሉን ማን፣ የት፣ ለስንት ዓመት ያስቀምጣል?
• ከዳግም ሽያጭ የሚገኘው ድርሻ በምን ይረጋገጣል? አንዳንድ ትልልቅ ገበያዎች ይህን ክፍያ ግዴታ ማድረጋቸውን ትተዋል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የተጻፈ መልስ ካልተገኘ ፊርማውን ማዘግየትና የሕግ ባለሙያ ማማከር ይሻላል። የሥራዎቹን ዝርዝር ማዘጋጀትና ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ግን ማንንም ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነው።