ላልዘነበ ዝናብ የሚቀበር ቧንቧ

የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በከተማው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ቁልቁለቱን ይዞ በራሱ ይወርዳል፤ ከተጣራም በኋላ እዚያው አጠገብ ወዳለው ወንዝ ወይም ባሕር ይለቀቃል። መብራትም ገንዘብም የሚቆጥብ፣ ለረጅም ዘመን የሠራ አካሄድ ነው። ችግሩ ባሕሩ ከፍ ሲል ወይም ወንዙ ሲሞላ ውሃው ቀድሞ የሚገባው ወደዚሁ ዝቅተኛ ቦታ መሆኑ ነው።

ኒው ዮርክ ይህን የተማረችው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ምሽት ነበር። ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የባሕሩን ውሃ እየገፋ ወደ ከተማዋ ሲያስገባው፣ ከ14 የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች 10ሩ፣ ከ96 የፓምፕ ጣቢያዎች ደግሞ 42ቱ ተጎዱ። ያልተጣራ ፍሳሽም ወደ ወደቡ ውሃ ተለቀቀ።

ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ ለመረዳት አንድ የፓምፕ ጣቢያ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ከላይ ሲታይ ትንሽ ቤት ነው፤ አንዳንዱማ ከመንገዱ ሥር ስለሆነ የብረት ክዳኑ ብቻ ነው የሚታየው። ደረጃውን ወርደው ሲገቡ ጎን ለጎን ሁለት ክፍሎች ይገኛሉ። በአንደኛው ፍሳሹ ይጠራቀማል። በሌላኛው፣ በደረቁ ክፍል፣ ፓምፖቹ፣ ሞተሮቻቸውና የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ተተክለዋል። ደረቁ ክፍል የባሕር ውሃ ሲገባበት ሞተሩ ወዲያው ይቆማል። ውሃው ተቀድቶ ካለቀ በኋላም ጣጣው አያበቃም፤ ጨው በመዳቡ ሽቦና በመገናኛዎቹ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ብረቱን ይበላል፣ ሞተሩ እንደገና ሲነሳም ሊያቃጥለው ይችላል። ትልቁን ጥፋት ያደረሰው እንግዲህ የሞተርና የሰሌዳ ቦታ ነው። ያ ሰሌዳ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ብዙው ኪሳራ ይቀር ነበር።

የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ መምሪያ፣ ማለትም ውሃውንም ፍሳሹንም የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ በዓመቱ በ2013 ያወጣው ዕቅድ ለሌሎች ከተሞች ትምህርት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ አንድ የውሃ ከፍታ ወሰኑ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚባለውን ከፍታ ወሰዱና ባሕሩ በ2050ዎቹ ይጨምራል ተብሎ የተገመተውን 76 ሴንቲ ሜትር ደመሩበት። ከዚያ ውሃው እዚህ ቢደርስ ምን ይሰምጣል ብለው ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ መረመሩ። 14ቱም ማጣሪያዎች፣ ከ96ቱ የፓምፕ ጣቢያዎች ደግሞ 58ቱ አደጋ ላይ መሆናቸው ታወቀ።

ሁሉንም ማዳን አይቻልም፣ ገንዘቡም አይበቃም። ስለዚህ ጥያቄውን አጠበቡት፤ ፍሳሹን ተቀብሎ ቢያንስ በመጀመሪያ ደረጃ አጣርቶና በክሎሪን አክሞ መልቀቁ የሚቆመው የትኛው መሣሪያ ቢሰምጥ ነው? ለእያንዳንዱም መፍትሔ ተፈለገለት። ሰሌዳው ወደ ላይ ይነሳል። ከፍ ሊደረግ የማይችለው ፓምፕ ውሃ ውስጥ ጠልቆም በሚሠራ ይተካል። የሕንፃው በርና መስኮት ውሃ እንዳያስገባ ይደፈናል፣ ግቢው በግንብ ይታጠራል፣ መጠባበቂያ ጄኔሬተር ይገባል፤ አንዳንዱ ቦታ የአሸዋ ከረጢት ይበቃዋል። ድምሩ 315 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ንብረት ከጥፋት ይጠብቃል፣ በ50 ዓመት ውስጥም 2.5 ቢሊዮን ዶላር የአደጋ ወጪ ያድናል ተብሎ ተሰላ። በእኔ እምነት የዕቅዱ ትልቁ ቁም ነገር ግን ምን እንደሚተርፍና ምን ለጊዜው እንደሚተው አስቀድሞ በግልጽ መወሰኑ ነው።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለውን አነጋገር ብዙ ሰው በስህተት ይረዳዋል። ዘንድሮ ከመጣ እስከ ልጅ ልጆቻችን ዘመን አይመለስም ማለት ይመስላል። መሐንዲሶቹ የሚሉት በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ መሆኑን ነው። ለ50 ዓመት የሚያገለግል ጣቢያ በዕድሜው ቢያንስ አንዴ እንዲህ ያለ ጎርፍ የሚገጥመው ዕድል 40 በመቶ ይጠጋል። ያውም ያለፈው ዘመን ስሌት ባለበት ከቆየ። በኒው ዮርክ ባሕሩ ከ1900 ወዲህ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር ያንኑ ግንብ ለመዝለል አነስ ያለ ማዕበል ይበቃል።

ይህን ቀድማ ያሰበች ከተማ አለች። ቦስተን የዲር ደሴት ማጣሪያዋን በ1980ዎቹ መጨረሻ ስትነድፍ፣ የባሕሩ ከፍታ እንደሚጨምር ገምታ ጣቢያውን ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ አድርጋ ሠራችው። ያ ባይደረግ ኖሮ የተጣራው ውሃ አንድ ቀን በራሱ ኃይል ወደ ባሕሩ መውጣት ስለሚያቅተው፣ ተጨማሪ ፓምፕና መከላከያ ግንብ ማስገባት ግድ ይሆን ነበር። ንድፉ ወረቀት ላይ እያለ መሠረቱን ከፍ ማድረግ ያን ያህል አያስወጣም፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

የኒው ዮርክ የ2013 ዕቅድ የተሠራው ዓይንን ባሕሩ ላይ ተክሎ ነበር። ቀጣዩ መከራ የመጣው ከሰማይ ነው። ኦገስት 21 ቀን 2021 በሴንትራል ፓርክ በአንድ ሰዓት ውስጥ 49 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደና የከተማዋን የሰዓት ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብረ ወሰኑ የቆየው 11 ቀን ብቻ ነው። ሴፕቴምበር 1 ምሽት የአይዳ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ በአንድ ሰዓት 80 ሚሊ ሜትር አፈሰሰ። የከተማዋ የፍሳሽ መስመሮች፣ አዲሶቹ እንኳ፣ የሚሠሩት በሰዓት 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሚዘንብ ዝናብ ነው። በዚያች ምሽት በከተማዋ 13 ሰዎች ሞቱ፤ 11ዱ የሞቱት በምድር ቤት መኖሪያዎች ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ኑሮ ተወዶባቸው ዝቅ ያለ ኪራይ ፍለጋ ምድር ቤት የገቡ ስደተኞች ነበሩ። የቧንቧ ስፋት የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ዝናቡ የበረታበትን ምክንያት ፊዚክስ በአንድ ቁጥር ያስረዳል። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ሊይዝ ይችላል። የዓመቱ ዝናብ ጠቅላላ መጠን ባይለወጥ እንኳ፣ ሲዘንብ ባንድ ጊዜ የመውረድ ጠባይ ይኖረዋል። የኒው ዮርክ ፍሳሽ መስመር 60 በመቶው የቤት ፍሳሽንና የዝናብ ውሃን በአንድ ቧንቧ የሚወስድ ነው። ማጣሪያዎቹ ዝናብ በሌለበት ቀን የሚገባላቸውን እጥፍ ያህል መቀበል ይችላሉ፤ ከዚያ የተረፈው ሳይጣራ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ይወጣል። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎችም ከልክ ባለፈ ውሃ ታጥበው ከሄዱ ጣቢያው ወደ ጤናው ለመመለስ ቀናት ይፈጅበታል።

12 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቧንቧ ቆፍሮ መለወጥ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ዝናቡ ቧንቧው ውስጥ ሳይገባ የሚያርፍበት ቦታ ወደ መፈለግ ዞራለች። በጁላይ 2011 በድንገተኛ ዶፍ የተጥለቀለቀችው ኮፐንሀገን ልምዷን አካፍላታለች፤ ሜዳዎችና መናፈሻዎች ዝቅ ተደርገው ይሠሩና ዝናብ ሲበረታ ለጥቂት ሰዓት ኩሬ ይሆናሉ፣ በሌላው ቀን ልጆች ይጫወቱባቸዋል። በራሷ በኒው ዮርክ፣ በስታተን አይላንድ ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጅረቱና ረግረጉ ዝናቡን እንዲቀበል ሳይደፈን እንዲቆይ ተደርጓል።

አዲስ አበባ ባሕር ባይኖራትም ክረምት ሲገባ ማንሆል ሲገነፍል ያላየ ነዋሪ የላትም። በእኛ ከተማ የፍሳሽ መስመርና የጎርፍ መውረጃ የተለያዩ ናቸው፤ ግን ክዳኑ በተሰረቀ ማንሆልና ከየጣራው በተቀጠለ አሸንዳ የዝናቡ ውሃ ወደ ፍሳሹ ይገባል። የገነፈለው ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፤ በዚያ ወንዝ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ገበያችን ይገባል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ በመስመሩ የሚሄደው ውሃ ስለሚያንስ ደለል ይቀመጣል፣ ከደለሉ የሚወጣው ሽታ ያለው ጋዝ ወደ አሲድነት ተለውጦ የኮንክሪቱን ቧንቧ ይበላዋል።

አንድ ዕድል ግን አለን። የከተማችን የፍሳሽ መስመር ገና በመዘርጋት ላይ ያለ ነው፤ ብዙው ቤት ዛሬም የሚጠቀመው በጉድጓድ መጸዳጃና በሴፕቲክ ታንክ ነው። ኒው ዮርክ አፍርሳ የምታስተካክለውን እኛ ስንሠራ ማስተካከል እንችላለን። የቃሊቲን መስመር ወይም የአንድ ኮንዶሚኒየም ማጣሪያ የሚነድፍ መሐንዲስ የዝናብ ሰንጠረዡን ሲከፍት መረጃው የሚያልቀው በስንት ዓመተ ምህረት እንደሆነ ይመልከት፤ አሮጌ ከሆነ አዲሱ ይጨመርበት ብሎ ይጠይቅ። ሰሌዳውንና ጄኔሬተሩን ከወንዙ የጎርፍ ከፍታ በላይ ያስቀምጥ። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም የጣራዎ አሸንዳ ወደ ፍሳሽ መስመር የተቀጠለ ከሆነ ክረምት ሳይገባ አስለይተው ወደ ጎርፍ መውረጃው ያስመልሱት።