ከሰንጋ ተራ እስከ አፍሮባስኬት ስንት ካሬ ነው?

የማሊ ሕዝብ ከእኛ አንድ አምስተኛ ገደማ ቢሆን ነው። የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከእኛ ብዙም አይርቅም። የባሕር በር የላትም። ጦርነት አድክሟታል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ካየናት እህታችን ናት። ግን የአፍሪካ የልጃገረዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የማሊ ስም ነው። እኛስ? በአሸናፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለንም።

«ቁመት የለንማ!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «ገንዘብ የለንም» የሚልም አለ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ምቀኛ ነው፣ እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም። ገንዘብማ ማሊም የላትም። 120 ሚሊዮን ያለፈ ሕዝብ ውስጥ ደግሞ 12 ረጃጅም ልጃገረዶች ጠፉ ማለት ይከብዳል። ጋምቤላን ያየ ሰው ይህን ክርክር ባይጀምረው ይሻላል።

ለማያውቅ ሰው ውድድሩን ላስረዳ። ፊባ፣ ማለትም የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በአፍሪካ ለልጃገረዶች ሁለት ሻምፒዮና አለው፦ ከ16 ዓመት በታች እና ከ18 ዓመት በታች። ሁለቱም በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳሉ። ለፍጻሜ የሚደርሱት ሁለት ቡድኖች አፍሪካን ወክለው ወደ ዓለም ዋንጫ ይሄዳሉ። ከ16 ዓመት በታች ያለው እ.ኤ.አ. በ2009 ባማኮ ላይ ሲጀመር ዋንጫውን ያነሳችው ማሊ ናት፤ ከዚያም በኋላ አብዛኛውን እሷው ወሰደችው። በ2021 ሃንጋሪ ውስጥ በተካሄደው ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ደግሞ የማሊ ልጆች 4ኛ ወጡ። የውድድሩ ኮከብ የነበረችው ዛሬ ሁላችሁም የምታውቋት ኬትሊን ክላርክ ናት። ከማሊ ቡድን ውስጥ ሲካ ኮኔን በዓመቱ የደብልዩኤንቢኤው ኒው ዮርክ ሊበርቲ መረጣት።

ጎረቤቶቻችንም አልተኙም። ኪጋሊ በ2019 10,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ከፈተች፤ በ2023 የአዋቂ ሴቶችን አፍሮባስኬት አስተናገደች፤ በ2025 ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያሉት እዚያው ተጫወቱ። ናይጄሪያ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ሩብ ፍጻሜ ስትገባ፣ ከወንድም ከሴትም የመጀመሪያዋ የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሆነች።

እኛም ለጨዋታው እንግዳ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1962 ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ የወንዶች ሻምፒዮና ሲካሄድ ከተካፈሉት 5 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በዚያው ዓመት የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም አነሳን። ዋንጫውን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ካይሮን ግን ረሳነው።

እና ነገሩ ሰንጋ ተራን ምን አገናኘው? መሬት ነዋ!

ሰንጋ ተራ ስሙ እንደሚነግራችሁ ጥንት የሰንጋ ገበያ ነው። ዛሬ በሬው ሄዶ ባንኮቹ መጥተዋል። የንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ቆሞ ወደ ታች ያየናል፤ በዙሪያው የሌሎቹ ባንኮች መስታወት ፀሐይ ይመልሳል። አንድ ካሬ መሬት እዚህ አካባቢ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፤ መኪና ማቆሚያ ፈልጎ መዞር ይበቃል።

በቅርቡ በአንድ ሕንፃ ጀርባ ሳልፍ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጆች ግድግዳ ላይ በጠመኔ ክብ ሠርተው ኳስ ሲወረውሩ አየሁ። «ቅርጫቱስ?» አልኳቸው። «ይኼው!» አለችኝ ትንሿ ክቡን እያሳየችኝ፤ «ክቡን ከነካ ሁለት ነጥብ ነው፣ መስመሩን ከነካ ያጨቃጭቃል።» ትንሽ ቆይቶ ጥበቃው መጡ። «ልጆቼ፣ መኪና ሊገባ ነው፤ በሉ» አሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ሥራቸው ነው። ልጆቹም አልተከራከሩም፤ «እሺ አባባ» ብለው ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ።

ሂሳቡን እንሥራው። ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ 420 ካሬ። ለአንድ መኪና ማቆሚያ 12.5 ካሬ ብንይዝ ወደ 33 መኪና ማለት ነው። ሰንጋ ተራ ላይ ይህን ስጡን ብንል ይስቁብናል። ግን ከቶኪዮ ጀምሮ ኦሊምፒክ የገባ ሦስት ለሦስት የሚባል ጨዋታ አለ፤ በአንድ ቅርጫት፣ 15 በ11 ሜትር ላይ። 165 ካሬ፤ 13 መኪና። ቅርጫቱ በ3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ላይ ይሰቀላል። አዳራሽ አይፈልግም፣ ሣር አይፈልግም፤ ሲሚንቶ፣ ብረትና ቀለም ነው።

የ13 መኪና ኪራይ በየወሩ ይታያል፤ ደረሰኝ አለው። የአንዲት ልጅ ጤና፣ በራሷ መተማመን፣ ምናልባትም አሜሪካ ኮሌጅ የሚያስገባት ስኮላርሺፕ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ሂሳብ ሲሠራ ሁሌም መኪናው ያሸንፋል። ትምህርት ቤት ውጫዊ ጥቅም ብለው ያስተማሩን ይህንኑ ነው፤ ጥቅሙ ለብዙ ሰው ይበተናል፣ ወጪው ግን አንድ ሰው ላይ ይወድቃል።

በከተማችን ከኮሪደር ልማቱ ጋር የተሠሩ መጫወቻ ሜዳዎች አሉ፤ ደስ ይላል። ግን በእኛ አገር ኳስ ሲባል እግር ኳስ ነው፤ ሜዳው ክፍት ሲሆን ቀድመው የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው። ሴቷ ከትምህርት ቤት 10 ሰዓት ትወጣለች፣ ቤት የሚጠብቃት ሥራ አለ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይመሻል። ለእሷ የሚተርፋት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ያቺ ሰዓት በስሟ ካልተያዘች ሜዳ መኖሩ ብቻ አይጠቅማትም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት፣ «ለሴቶች ልጆች» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ቢለጠፍ ምንም በጀት አይጠይቅም።

ማሊን ሳወድስ የማልዘለው ነገር አለ። በ2021፣ ያ ቡድን 4ኛ በወጣበት ክረምት፣ ኒው ዮርክ ታይምስና ሂዩማን ራይትስ ዎች በማሊ ልጃገረድ ተጫዋቾች ላይ ለዓመታት የደረሰ የወሲብ ጥቃት እንዳለ አጋለጡ። ፊባ ያስጠናው የማክላረን ምርመራም ጥቃቱ በተቋሙ ውስጥ ሥር የሰደደ እንደነበር አረጋገጠ። ልጅ «ከቡድኑ እወጣለሁ» ብላ ፈርታ ዝም ስትል ዋንጫ የሚያነሳው ማነው? ስለዚህ እኛ ስንጀምር ከመጀመሪያው እንልመድ፦ ከቡድኑ ጋር ሁሌም ሴት ኃላፊ ትኑር፤ አሠልጣኝ ከልጅ ጋር ለብቻው አይዘጋ፤ ቅሬታ የሚቀበለው ስልክ ከክለቡም ከፌዴሬሽኑም ውጭ ይሁን። እናቶች ልጆቻቸውን የሚልኩት ይህን ሲያዩ ነው። ዓመት ሙሉ ተጫዋች የሚያስገኝ ሥርዓትም በእናቶች እምነት ላይ ነው የሚቆመው።

አንድ የቀን መቁጠሪያ ነገር ልንገራችሁ። ቅደም ተከተሉ ካልተለወጠ ቀጣዩ ከ16 ዓመት በታች ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2027 ነው። መጫወት የምትችለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደች ናት። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ቀድማ ታኅሣሥ 22 የተወለደች አለፋት። ወላጆች፣ የልደት ሰርተፊኬቱን ዛሬውኑ በትክክል አውጡ፤ ጎበዝ ልጅ በወረቀት ምክንያት መቅረት የለባትም።

አስቡት፤ እነዚህ ልጆች አሁን 7ኛ፣ 8ኛ፣ 9ኛ ክፍል ናቸው። አንዳንዶቹ እዚሁ ቂርቆስ፣ አንዳንዶቹ ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ከተማዋ ዳር የሄዱ። የማጣሪያውም መንገድ ቀላል አይደለም፤ እኛ ባለንበት ዞን 5 ውስጥ ግብፅ፣ ሩዋንዳ፣ ኬንያና ኡጋንዳ አሉ። በ2027 እናሸንፋለን ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ከ18 ዓመት በታች ያለው ሻምፒዮና በ2028 ይመጣል፣ እነዚሁ ልጆች እዚያም ዕድሜያቸው ይፈቅዳል። ሁለት ዕድል አላቸው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? አንደኛ፣ ፊባ የወጣቶችን ጨዋታ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ያስተላልፋል፤ አንድ የማሊ ጨዋታ ከታናሽ እህታችሁ ጋር እዩ። ሁለተኛ፣ በሰፈራችሁ 15 በ11 ሜትር የሚሆን ቦታ ካለ በሜትር ለኩና ፎቶ አንስታችሁ ወረዳችሁን ጠይቁ። «ሜዳ ስጡን» ብቻ አትበሉ፤ ቦታውን፣ ስፋቱንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ያዙ። በቁጥር የቀረበን ጥያቄ «እናየዋለን» ብሎ መመለስ ትንሽ ይከብዳል።