ፖርሼን በመጋዝ የሚያሰፋው ጃፓናዊ

አንድ ሰው ዓመታት ለፍቶ፣ ገንዘቡን አጠራቅሞ ፖርሼ 911 ይገዛል። አቧራ እንዳይነካት የሚሳሳላት፣ ልጆች ሲጠጓት የሚቆጣ ሰው ነው። ይሄው ሰው አንድ ቀን ከጃፓን የመጣ እንግዳ ተቀብሎ የጋራዡን በር ወለል አድርጎ ይከፍትለታል። እንግዳው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ ያያታል፣ ወረቀት ፕላስተር ይለጥፍባታል፣ በእስክሪብቶ መስመር ያሰምርባታል። ከዚያ የአየር መጋዙን አንስቶ የኋላ ጎማዋን የሸፈነውን ላሜራ ይቆርጠዋል! ባለቤቱ ግን አይጮህም። እንዲያውም ለዚህች ቀን ወራት ጠብቋል፤ ከፍሎበታልም።

ይህ እንግዳ አኪራ ናካይ ይባላል። ጋራዡ በጃፓን ቺባ ግዛት ውስጥ ይገኛል። ድርጅቱን «ራው ቬልት በግሪፍ» ብሎታል፤ በጀርመንኛ «የሻካራው ዓለም ጽንሰ ሐሳብ» እንደማለት ነው። ደጋፊዎቹ ግን አሳጥረው «አርደብልዩቢ» ይሉታል። «ደጋፊዎቹ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ከቶኪዮ እስከ ባንኮክ፣ ከባንኮክ እስከ ሎስ አንጀለስ ይህ ሰው እንደ አንድ ትልቅ ክለብ ተከታይ አለው። ማሊያውም በየመኪናው የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው የድርጅቱ ስም ነው።

ናካይ ሥራውን የጀመረው በፖርሼ አይደለም። በወጣትነቱ «ራፍ ወርልድ» በሚባል ቡድን ውስጥ ሆኖ ቶዮታ ኤኢ86 ያንሸራትት ነበር። ኤኢ86 ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው ባዕድ አይደለችም፤ ከተማው «ዲኤክስ» እያለ የሚያውቃት የኮሮላ ቤተሰብ ናት፤ ልዩነቷ ስፖርተኛ መሆኗ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ፖርሼ ዞረ። ለራሱ የሠራት የመጀመሪያዋ ፖርሼ የሚወደውን የቤልጂየም ቢራ ስም ይዛ «ስቴላ አርቷ» ተባለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚሠራት እያንዳንዷ መኪና የራሷ ስም ይወጣላታል።

ብዙዎችን የሚገርመው አሠራሩ ነው። ዛሬ የመኪና አካል የሚያሰፉ ታላላቅ ድርጅቶች መኪናዋን በሌዘር ለክተው፣ በኮምፒውተር ነድፈው፣ በየአገሩ ላለ መካኒክ ዕቃውን በሣጥን ይልካሉ። ናካይ ግን ዕቃው ቀድሞ ይላካል፣ እሱ ራሱም በአውሮፕላን ይከተላል። የሚታመነው በዓይኑና በእጁ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን ተጎንብሶ ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ በብሎንና በሪቬት ያያይዛል፣ ክፍተቱን በሲሊኮን ይደፍናል። ሲጨርስ መኪናዋ ሌላ መኪና ናት።

ነገሩ ከኮሎኝ ይጀምራል

ይህን ሁሉ «የጃፓን ልጆች ጨዋታ» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ግን አይደለም። ሥሩን ለማግኘት ወደ ጀርመን፣ ያውም የኳስ አፍቃሪ በደንብ ወደሚያውቃት ከተማ መመለስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ በ1978 ኮሎኝ የቡንደስሊጋውንም የጀርመን ዋንጫንም በአንድ የውድድር ዘመን ጠራርጎ ወሰደ። በተከታዩ ዓመት በአውሮፓ ሻምፒዮናዎች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ኖቲንግሃም ላይ 3 ለ 3 ተለያይቶ ሲመለስ ሁሉም ያለቀ መስሎት ነበር፤ የብራያን ክላፍ ኖቲንግሃም ፎረስት ግን ኮሎኝ ድረስ መጥቶ 1 ለ 0 አሸንፎ ሄደ። ከተማዋ አዘነች። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ከዚያችው ከተማ የወጣ ሌላ ቡድን አውሮፓን አሸነፈ። ቡድኑ የወንድማማቾቹ የኤርዊንና የማንፍሬድ ክሬመር ጋራዥ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከ1976 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የ«ግሩፕ 5» የውድድር ሕግ መኪናዋ ከፋብሪካ ከወጣችበት መልክ ብዙ እንዳትርቅ ያዝዛል፤ ጣሪያዋ፣ በሯ፣ አጠቃላይ ጥላዋ እንዳለ ይቆይ ይላል። ፓራፋንጎዋን ግን ለሰፋፊ የውድድር ጎማ እንዲመች መለወጥ ይፈቅዳል። የፖርሼው መሐንዲስ ኖርበርት ዚንገር ይህን ሕግ ልክ እንደ ጎበዝ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ መስመርን ደጋግሞ አየው። የ911 የፊት መብራት የተተከለው የት ነው? ፓራፋንጎው ላይ! እንግዲህ ፓራፋንጎው ነፃ ከሆነ መብራቱም ነፃ ነው ማለት ነው። መብራቶቹን ወደታች ወደ ፓራውልቱ አወረዳቸው፤ የመኪናዋን አፍንጫ ጠፍጣፋ አደረገው። ዳኛው ፊሽካ የሚነፋበት ምክንያት አላገኘም። 935 የምትባለው ዝነኛ ፖርሼ እንዲህ ያለ መልክ ያዘች።

ክሬመሮች ደግሞ ከፋብሪካው አንድ እርምጃ አልፈው ሄዱ። 935ን በራሳቸው ጋራዥ በራሳቸው አካል አልብሰው «ኬ3» አሏት። እ.ኤ.አ በ1979 በሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ክላውስ ሉድቪግና ሁለቱ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ዶን እና ቢል ዊቲንግተን ይችኑ መኪና ነዱ። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ቺንጋዋ ተበጥሶ መንገድ ላይ ቆመች። ሹፌሩ እዚያው ጠጋግኖ መለሳት፤ የነበራት መሪነት ሰፊ ስለነበረም አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችውም 935 ነበረች። ከሦስቱ ሹፌሮቿ አንዱ ደግሞ የፊልሙ ኮከብ ፖል ኒውማን ነው።

እንግዲህ ፋብሪካ ያልሠራው፣ ጋራዥ የሠራው ሰፊ አካል በዓለም ላይ ከባድ ከሚባሉት ውድድሮች በአንዱ አንደኛ ወጥቷል። ዛሬ በየከተማው የሚታየው የሰፋ ፓራፋንጎ ሁሉ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ መኪኖች በጃፓንም ይወዳደሩ ነበርና የሰፈሩ ወጣት በቴሌቪዥንና በመጽሔት ያየውን በቆርቆሮና በሪቬት አስመስሎ መሥራት ጀመረ። ከዚያ ትውልድ ባህል የወጣው ሌላው ስመ ጥር ሰው የ«ሊበርቲ ዎክ» ባለቤት ዋታሩ ካቶ ነው።

ስፋቱ ምን ይሠራል?

መልክ ብቻ ከሆነ ክርክሩ አጭር በሆነ ነበር። ነገር ግን ስፋት ሥራ አለው።

መኪና ኩርባ ስትዞር ክብደቷ ወደ ውጪ በኩል ወዳሉት ጎማዎች ይጋፋል። በውስጥ በኩል ያሉት ይቀልላሉ፣ በውጪ ያሉት ይጨነቃሉ። ጎማ ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ የተጫነበት ክብደት እጥፍ ሲሆን መሬት የመቆንጠጥ አቅሙ እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ክብደቱ ለአራቱም በተቻለ መጠን ቢከፋፈል ይሻላል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ፣ ወይ የግራና የቀኝ ጎማዎቿን ማራራቅ። አጥቂ ሲመጣበት እግሩን ከፈት፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ የሚቆም ተከላካይን ማሰብ ይበቃል። ቆሞ ከሚጠብቀው ይልቅ እሱን ገፍቶ መጣል ይከብዳል።

911 ደግሞ ሞተሯ ከኋላ ጎማዎቿም ወዲያ ነው። ክብደቷ ከኋላ ስለሚበዛ የኋላ ጎማዋ ሰፊ እንዲሆን ግድ ይላታል። ፋብሪካው ራሱ ይህን ያውቃል። በ1989 የወጣችው 964 የምትባለው 911 ስፋቷ 1,652 ሚሊ ሜትር ሲሆን የዚያችው ዘር ቱርቦ ግን 1,775 ሚሊ ሜትር ነው። የ123 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት ነው፤ ከኳስ ዲያሜትር ግማሽ ያልፋል። ናካይ ደግሞ ከዚያም በላይ ያሰፋዋል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አካሉን አስፍቶ ጎማውን እንደነበረ መተው የትልቅ ሰው ኮት ለልጅ እንደማልበስ ነው። ሰፊውን ገላ የሚሞላ ቸርኬና ጎማ ያስፈልጋል። ቸርኬውን ወደ ውጪ ማውጣት ደግሞ ያለ ዋጋ አይሆንም። ኩሽኔታው ያልለመደው ጫና ይመጣበታል፤ መሪው ይከብዳል፣ በጎርበጥባጣ መንገድም ወዲያና ወዲህ ይስባል። ነፋስ የሚመታው ፊት ስለሚሰፋ በቀጥታ መንገድ የመጨረሻ ፍጥነቷ ሊቀንስ ይችላል። ሞላና አሞርዛተሩ አብሮ ካልተስተካከለ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ከአካሉ ጋር ይፋጫል፤ በፍጥነት ላይ ሲሆን ይህ ቀልድ አይደለም። ሰፊ ሆና ከቀድሞው የባሰች መኪና ማግኘት በጣም ቀላል ነው።

የፊቱ ይመለሳል፣ የኋላው አይመለስም

ትልቁ ጉዳይ ግን ላሜራው ላይ ነው። የ911 የፊት ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ነው። ይፈታል፣ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሐሳቡን ከቀየረ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የነበረው ተመልሶ ይገባል። የኋላው ግን ከመኪናዋ አጥንት ጋር የተበየደ ነው። እሱ ከተቆረጠ ቀይ ካርድ ነው፤ ተመልሶ የሚገባ የለም። እንደገና ወደ ነበረችበት ለመመለስ አዲስ ላሜራ ገዝቶ ማስበየድና ማስቀባት ይጠይቃል፤ እንደዚያም ሆኖ የፋብሪካው ብየዳ ተመልሶ አይመጣም።

የተቆረጠው ጠርዝ ራሱ ጠላት አለው፤ ዝገት። ቀለሙ የተላጠ ብረት ውሃ ካገኘ ከፋይበር ግላሱ ሥር ተደብቆ ይበላል። ከውጪ የምታብረቀርቅ መኪና ከውስጥ እየተቦረቦረች ልትከርም ትችላለች። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ የሚለየው በቆረጠበት ድፍረት ሳይሆን ከቆረጠ በኋላ ባለው ትዕግሥት ነው። ጠርዙን ያጸዳል፣ የዝገት መከላከያ ይቀባል፣ በውስጥና በውጪ ላሜራ መካከል የተከፈተውን ክፍተት ይዘጋል። ችኩሉ ግን ስቱኮ ለጥፎ ያልፋል።

የፖርሼ አክራሪዎች የሚቆጡትም ለዚህ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላቸው 911ዎች ምርታቸው እ.ኤ.አ በ1998 ከ993 ጋር አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተጨመረም፤ ያሉት ብቻ ናቸው። ባለፉት አሥርት ዓመታት ዋጋቸው እየናረ ሲሄድ እያንዳንዱ የተቆረጠ ላሜራ ለእነሱ ከሙዚየም የተሰረቀ ዕቃ ያህል ሆነ። የናካይ ሰዎች ደግሞ መልስ አያጡም፤ «መኪና የተሠራው ሊነዳ ነው» ይላሉ። እሱ ራሱም ሥራውን ለኤግዚቢሽን አላስቀመጠውም። ጃፓን ውስጥ በሞቴጊ የመወዳደሪያ ሜዳ ላይ «አይድለርስ» በሚባለው የ12 ሰዓት ውድድር ጓደኞቹን አሰባስቦ እነዚያኑ የተቆረጡ ፖርሼዎች ይነዳቸዋል።

ክርክሩ ከሁሉም የከረረው ግን በካቶ ላይ ነው። እ.ኤ.አ በ2023 በቶኪዮ የመኪና ትርዒት ላይ ሊበርቲ ዎክ ሰፊ አካል ያለበሳት ፌራሪ ኤፍ40 ይዞ ቀረበ። ኤፍ40 ደግሞ በዓለም ላይ የተሠራችው ከ1,300 ጥቂት በሚበልጥ ቁጥር ነው፤ ኤንዞ ፌራሪ በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ያስተዋወቃት የመጨረሻዋ መኪናም እሷ ናት። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ዓይኑን ሸፈነ። ሮናልዲንሆን «በሁለት ንክኪ ተጫወት» ብሎ ማዘዝ ይሆን ወይስ ልቅ መልቀቅ? ሁለቱም ወገን የየራሱን ያያል።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። በጃፓን የመኪናዋ ስፋት ከተመዘገበው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለወጠ እንደገና ተመርምሮ መመዝገብ ግድ ነው። በጀርመን ደግሞ እንዲህ ያለ ለውጥ የቴክኒክ ፍተሻ ባለሙያ ሳያጸድቀው መንገድ ላይ አይወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መኪናዋ የባለቤቷ ብትሆንም ከጎኗ የሚሄደው እግረኛ የባለቤቷ አይደለም። በሪቬት የተያዘ አካል በመቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተገንጥሎ ቢሄድ የሚያገኘው ሌላውን ሰው ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ «ያምራል አያምርም» ብቻ አይደለም። ክሬመሮች ሲያሰፉ ሰዓት ቆጣሪ ነበራቸው፤ ፈጠነች ወይም አልፈጠነችም፣ መልሱ በሌማን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ነበር። የዛሬው ባለቤት ያ ሰሌዳ የለውም። ጎማው፣ ሞላው፣ ኩሽኔታው አብሮ መሠራቱን፣ ጠርዙ ከዝገት መጠበቁን፣ ሕጉ መፍቀዱን ራሱ ዳኛ ሆኖ መመርመር አለበት። ልብስ ሰፊዎች «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። ጨርቅ እንኳ እንዲህ ከተባለለት፣ ዳግም ለማይሠራ የፖርሼ ላሜራማ ስንት ጊዜ ይለካ ይሆን?