ስምንት እጥፍ ይበቃል፦ ለወፍ እይታ ባይኖኩላር ስለ መምረጥ

ጥቅምት ሲያልቅ፣ ማሽላው ፍሬ ይዞ ራሱን ሲደፋ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ መልካሳ ደርሶ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለ ሰው ማሳ የሚጠብቁ ልጆች ያገኛል። ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ እህሉን ከግሪሳ ወፍ ይጠብቃሉ። አንዲት ግሪሳ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል እህል ነው፤ እፍኝ እንኳ አይሞላም። መንጋው አንድ ሚሊዮን ሲሆን ግን በአንድ ቀን 100 ኩንታል ሄደ ማለት ነው። የግሪሳ መንጋ ደግሞ ሚሊዮን መሙላት አያቅተውም።

ከነዚህ ልጆች ለአንዱ ባይኖኩላሬን አውሼው ነበር። ግሪሳን ለመለየት የእኔ መነጽር አያስፈልገውም፤ መንጋው ከአዋሽ ማዶ ተነስቶ እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ሲመጣ ገና ከሩቅ ያውቀዋል። ግራር ላይ ያረፉትን ጥቂት ወፎች አተኩሮ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ አፉ እኮ ቀይ ነው! ደም ነው የሚመስለው!» አለኝ። በየዓመቱ ሲያባርረው የኖረውን ወፍ መልክ በደንብ ያየው ያን ቀን ነው። ያ ቀይ መንቁር ትንሽ ነገር አይደለም። ማሽላ ላይ የሚያርፉ ድንቢጥ የሚያካክሉ ቡናማ ወፎች ብዙ ናቸው፤ ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ግሪሳውን ከሌላው የሚለየው አንዱ ምልክት መንቁሩ ነው።

ስለ መነጽር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ስንት ያቀርባል?» እኔም የመጀመሪያዬን ስገዛ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ሻጩ 20×50 የሚል የተጻፈበት አወጣልኝ። ሃያ እጥፍ! ደስ ብሎኝ ገዛሁት። በማግስቱ አዋሽ ዳር ወስጄ አንድ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ በባዶ ዓይኔ አየሁ፤ መነጽሩን አነሳሁ፤ ቅጠል፣ ቅጠል፣ ውሃ፣ እንደገና ቅጠል። ወፉን ሳላገኘው በረረ። ሁለተኛውን ባገኘውም ምስሉ እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጫፉን እንኳ መያዝ አልቻልኩም። ያ መነጽር ከተራራ ወደ ተራራ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተክሎ ለሚያይ ሰው ሊጠቅም ይችላል። አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለሚዞር የወፍ አፍቃሪ ግን አይሆንም።

ባይኖኩላር ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 8×42 የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያው፣ 8፣ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል፦ 80 ሜትር ርቆ ያለ ወፍ 10 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው፣ 42፣ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ብርሃን የሚገባበት በር ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚሽቀዳደመው በመጀመሪያው ቁጥር ነው። እኔ ግን ገዢ ሁሉ ሁለተኛውንም አብሮ እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

መጀመሪያ የማቅረቡን ጉዳይ እንጨርስ። መነጽሩ ወፉን ሃያ እጥፍ ሲያጎላ የእጅዎንም መንቀጥቀጥ ሃያ እጥፍ ያጎላል። በዚያ ላይ የሚያሳየው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። ደህና የሆነ ባለ 8 መነጽር 1000 ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ 50 ሜትር ላይ ሲሆን ስድስት ሜትር ተኩል ይሆናል፤ አንድ የግራር ቅርንጫፍ ከነጫፉ ይገባበታል። ባለ 20 መነጽር እዚያው 50 ሜትር ላይ የሚያሳየው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚዘልን ወፍ በዚያ መከታተል በቁልፍ ቀዳዳ ገበያ እንደ ማየት ነው።

የስምጥ ሸለቆው ሰው ሊያስብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ሙቀቱ። መልካሳ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይርገበገባል። ከወንጂ የሸንኮራ ማሳ ማዶ ያለው ዛፍ ውሃ ውስጥ የቆመ ሲመስል አይታችሁ ይሆናል። መነጽሩ ያንንም ያጎላዋል። ባለ 8 እና ባለ 10 ብርዥ ያለ ወፍ ቢያሳዩ ነው፤ ባለ 20 ከነጭራሹ ወፍ የማይመስል ነገር ያሳያል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቁጥር። 42ን ለ8 ሲያካፍሉት 5.25 ይመጣል። ይህ ቁጥር መነጽሩ ወደ ዓይን የሚልከው የብርሃን ክብ ስፋት በሚሊሜትር ነው። መነጽሩን ክንድዎን ዘርግተው ወደ ሰማይ ቢያዩበት ክቧ ዓይነ መስታወቱ ላይ በርታ ትታያለች። የሰው የዓይን ብሌን ቀትር ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊሜትር ይጠባል፤ ሲመሽና ሲነጋጋ ይሰፋል። ኪስ የሚገቡት ትንንሾቹ 10×25 መነጽሮች የሚልኩት 2.5 ሚሊሜትር ነው። ለቀትር ይበቃል። ግን ወፍ በቀትር ማን ያያል? አዋሽ ዳር ወፎቹ የሚዘምሩት፣ ለቀማ የሚወጡት፣ ውሃ የሚወርዱት ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ዓይን በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ትንሹ መነጽር ግን የሚሰጠው የለውም። ባለ 42ቱ መስታወት ከባለ 25ቱ ጋር ሲነጻጸር በገጽ ስፋት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ታዲያ ለምን 8×56 አይሆንም የሚል ይኖራል። ይከብዳል። አብዛኛው 8×42 ከ600 እስከ 800 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በሁለተኛው ሰዓት አንገት ይቀጣል። ክብደቱን የማይወድ 8×32 ይያዝ፤ ከንጋትና ከምሽት ጫፍ ጥቂት ደቂቃዎች ቢያጣ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ብሌን እንደ ወጣትነት ስለማይሰፋ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ይህ ጉዳት ያንሳል።

ስለ ውስጡም ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ሁለት መስታወት ብቻ ቢሆን ምስሉ ተገልብጦ ነበር የሚታየው። የሚያቃናው መሃል ያለው ፕሪዝም ነው። በፊልም ላይ በጦር መኮንኖች ደረት የምናየው ጎኑ ወጣ ያለ ቅርጽ ኢግናዚዮ ፖሮ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1854 ካስመዘገበው ፕሪዝም የመጣ ነው፤ የጀርመኑ ዛይስ እ.ኤ.አ. በ1894 ለገበያ አበቃው። ቀጥ ያለ ቱቦ የሚመስሉት ዘመናዊዎቹ ሌላ ዓይነት ፕሪዝም አላቸው፤ ቀለል ይላሉ፣ አቧራ ለመከላከልም ይመቻሉ፤ ነገር ግን በደንብ ለመሥራት ውድ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ጎኑ የወጣው አሮጌ ቅርጽ በተመሳሳይ ዋጋ የተሻለ ምስል ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ሰው ቅርጹን አይቶ ይንቀዋል፤ አትናቁት።

ከፕሪዝሙ ቀጥሎ ዋናው ነገር የመስታወቱ ቅብ ነው። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። በአንድ ቱቦ ውስጥ አሥር ገጽ ቢኖር ከገባው ብርሃን ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን የሚቀንስ ስስ ቅብ አስመዘገበ፤ ዛሬ ጥሩ መነጽር ሁሉም ገጾቹ በተደራረበ ቅብ የተሸፈኑ ናቸው። መነጽሩን ከፊት ሲያዩት መስታወቱ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ቢያሳይ ደግ ነው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቀይ ሆኖ ከታየ ይተዉት። ያ ቀይ ቀለም ለማማለል የሚደረግ ነው፤ የወፉን ቀይ ቀለም ራሱ እያንጸባረቀ ይሰርቃል። ማሳው ላይ ያለው ልጅ በእንዲህ ያለ መነጽር ቢያይ ኖሮ የግሪሳው መንቁር ያን ያህል አይደምቅለትም ነበር።

ሱቅ ውስጥ ሲገቡ ባንኮኒው ጋ ቆመው ግድግዳ አያዩ። ፈቃድ ጠይቀው በር ላይ ይውጡ። መንገድ ማዶ ያለ የሱቅ ማስታወቂያ ይፈልጉና ፊደሎቹ መሃል ላይ ጥርት ሲሉ ዳር ላይ ምን እንደሚሆኑ ይዩ፤ ዳር ላይ ትንሽ መደብዘዝ ያለ ነው፣ ግማሹ ከደበዘዘ ግን አይሆንም። ቀጥለው ሰማይ ላይ የተዘረጋ የመብራት ሽቦ ይዩ። ሽቦው ወፍራም ወይን ጠጅ ወይም ቢጫ ጥላ ካበጀ መስታወቱ ደካማ ነው። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳያወርዱ ይዩበት። ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቦታ የማያዩ ከሆነ ግንባር አካባቢ ይጨንቃል፤ አንዳንዱ ራስ ምታት ይይዘዋል። ይህ ጉድለት በሱቅ ሁለት ሰኮንድ አይቶ ለሚገዛ አይገለጥም፤ ወንዝ ዳር ነው የሚገለጠው። የዓይን መነጽር አድርገው የሚያዩ ከሆነ ዓይን የሚያርፍበትን የጎማ ቀለበት ዝቅ አድርገው፣ ሙሉው ክብ ሳይቆረጥ መታየቱን ያረጋግጡ። «ከ10 እስከ 30 እጥፍ» እያለ የሚያቀርብና የሚያርቀውን ዓይነት ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም አልመክርም።

የመልካሳ አቧራ የራሱ ጉዳይ ነው። በበጋ ንፋስ ሲነሳ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ስለዚህ በጎማ ታሽጎ ናይትሮጅን የተሞላ፣ ውሃ የማያስገባ የሚሉትን ይምረጡ፤ ውሃ የማያስገባው አቧራም አያስገባም። መስታወቱ ሲቆሽሽ እጅ የሚሄደው ወደ ነጠላ ወይም ወደ ሸሚዝ ጫፍ ነው። አይሁን። አቧራው ደቃቅ አሸዋ ነው፤ ሲጠርጉት ቅቡን ይፍቃል። መጀመሪያ እፍ ይበሉት፣ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት፣ መጨረሻ ላይ ብቻ የመነጽር ጨርቅ ይጠቀሙ።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ወደ አገር ቤት ባይኖኩላር ይዞ መግባት ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሳል፤ ቦሌ ላይ ተይዞ የቀረባቸው መንገደኞች አሉ። ውጭ ያለ ዘመድ «ላምጣልህ» ሲል አስቀድሞ የፈቃዱን ነገር ጠይቆ፣ አሳውቆ ይምጣ። እዚህም ቢሆን መነጽር በእጅ ይዞ ወዴት እንደሚያነጣጥሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ቆቃ ለወፍ እጅግ ጥሩ ቦታ ነው፤ ግን ግድብ፣ ድልድይ፣ የኃይል ማመንጫ፣ ካምፕ አቅጣጫ መነጽር አይነሳም። ከአካባቢው ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ምን ፈልገው እንደመጡ ተናግሮ መጀመር ነገሩን ሁሉ ያቀልላል። ብዙ ጊዜ ወፉ ያለበትን የሚያሳዩትም እነሱው ናቸው።

መነጽሩ ከተገዛ በኋላ አጠቃቀሙ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ቀኙን ቱቦ በእጅ ከልለው በግራ ዓይን ብቻ እያዩ በመሃሉ መዘውር ምስሉን ያጥሩ፤ ከዚያ ግራውን ከልለው የቀኙን ዓይን ቀለበት ያስተካክሉ። ሁለቱ ዓይኖቻችን እኩል ስላልሆኑ ነው፤ ይህን ያላደረገ ሰው ውዱንም መነጽር ደካማ ይለዋል። ወፍ ሲያዩ ዓይንዎን ሳይነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት፤ ራስዎን ወደ መነጽሩ አያጎንብሱ። ክርንዎን ደረትዎ ላይ ያስደግፉ። መኪና ካለ ደግሞ ሞተር ጠፍቶ፣ ክርን መስኮት ላይ አርፎ ማየት የሚበልጠው የለም። ወፍ ሰው ሲያይ ይሸሻል፣ የቆመ መኪና ግን ብዙም አይፈራም።

የስምጥ ሸለቆውን ሐይቆች ግን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል። ዝዋይ ዳር ፔሊካንና አባ ኮዳ ከዓሣ አስጋሪዎቹ እግር ሥር ስለሚቆሙ ማንኛውም መነጽር ይሆናል። አብያታ ሌላ ነው። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል አርባን እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ሻላ ፔሊካኖች ባሳተሙት ጥናት ወፎቹ ሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ ዓሣ ፍለጋ ወደ አብያታ ይመላለሱ እንደነበር እናነባለን። ዛሬ አብያታ ሸሽቷል፤ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ እየተወሰደ፣ ጨውነቱ እየጨመረ፣ ዓሣው አልቆ፣ ዳርቻው ከቀድሞው ብዙ ርቋል። ፍላሚንጎዎቹ አሁን ከሩቅ የሚታዩ ሮዝ መስመር ናቸው። ለዚህ ቦታ 10×42 ይሻላል፤ እግር ላይ የሚተከል ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ካለ ደግሞ አብሮ መሄድ ነው። ይህን ሐይቅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል፤ ያቀረብነው በመነጽር እንጂ በጥበቃ አይደለም።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ግን በ8×42 ያየሁት ነገር አለ። በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ቆሪ የተባለው ትልቁ የሜዳ ወፍ ሣሩን እየከፈተ ይሄዳል፤ ወንዱ ከ15 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ጀርባው ላይ እንደ ሰንደቅ የቀላ ንብ በል ወፍ ተቀምጧል። ቆሪው ሲራመድ ፌንጣ ይነሳል፤ ንብ በሉ ከጀርባው ይወነጨፋል፣ አየር ላይ ይይዘዋል፣ ዞሮ እዚያው ጀርባ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ወፎችና በመሃላቸው ያለው አየር በአንድ ክብ ውስጥ ነበሩ፤ መነጽሩን ሳላንቀሳቅስ ሲሄድና ሲመለስ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ።